ከጸሎት በኋላ የተሰበሰበ ግምት

ሰኞ

አራቱም አልተስማሙም። ዓርብ አስነስቼው የሄድኩት ኮምፒውተር ቅዳሜና እሑድን ሲያሰላ ከርሞ፣ ዛሬ ጠዋት ስከፍተው አራት የተለያየ መልስ ይዞ ጠበቀኝ። ተናድጄ ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። ከኪሌሌሽዋ ቤቴ ፓርክላንድስ ቢሮዬ ድረስ በትራፊክ ጃም ተቀቅዬ የመጣሁት ለዚህ ነው?

ባሌ ዳዊት "ቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው?" እያለ ያሾፍብኛል። አንድ ቀን ይህን ቢያነብ እንዲገባው ቀለል አድርጌ ልጻፈው። የእኔ ሒሳብ በቀጥታ ተሰልቶ አያልቅም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከአራት ቦታ አስነስቼ መልሱን እየዳሰሰ እንዲፈልግ አደርገዋለሁ። አራት ሰው ለየብቻ ገበያ ልኮ ቲማቲም ስንት ገባ እንደማለት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ዋጋ ይዘው ከመጡ አምናለሁ። አንዱ እንኳ የማይሆን ዋጋ ይዞ ከመጣ ግን ሁሉንም እጠረጥራለሁ። ዛሬ አራቱም አራት አገር ሄደው የመጡ ይመስላሉ።

ጥያቄው ይህ ነው፤ እዚህ ናይሮቢ ካለነው ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ውስጥ ስኳር በሽታ ይዞት ሳያውቀው የሚኖረው ስንቱ ነው?

መልሱ የሚያርፈው ሲስተር ዘነበች ላይ ነው። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ጣት እየወጉ የደም ስኳር በነፃ ይለካሉ፤ የታመመውን ይከታተላሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ። ስደተኛው፣ ወረቀቱ ያላለቀለት፣ ሆስፒታል በር ላይ መታወቂያ እንዳይጠየቅ የሚፈራው ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው። ክፍሏን የሚደግፉት ለጋሾች ደግሞ መስመር አስምረዋል። ግምታችን ከመስመሩ በላይ ከሆነ ክፍሏ ትቀጥላለች፤ በታች ከሆነ ማሽኑንም መድኃኒቱንም ወደ ሌላ ሰፈር ይወስዱታል። ሪፖርቱ የሚላከው ዓርብ ነው።

በዕጣ አውጥተን የለካናቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። መረጃ ሲያንስ፣ መረጃው ከመምጣቱ በፊት የምናስበው ነገር ሚዛን ይደፋል። ቢሮ ውስጥ ፕራየር ይሉታል፤ እኔ ለራሴ ቀዳሚ ግምት እለዋለሁ። ዝም ብሎ ከአየር ላይ አይወሰድም፤ የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ነው። እኛም ሕዝባችንን የሚያውቁ አምስት ሰዎች ጠየቅን። ሲስተር ዘነበች፣ ፓስተራችን፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት የጤና ባለሙያ ናቸው። ግምታቸውንም መረጃው ሳይመጣ በፊት ለለጋሾቹ ላክን፤ ደንቡ ነው።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦
የማይስማሙት አራቱ።
ዓርብ።
ሲስተር ትናንት ከጉባኤ በኋላ "ሊዲያዬ፣ ለክፍሏ አዲስ መጋረጃ እየሰፋሁ ነው" ማለታቸው።

ማክሰኞ

ተስማሙ!

ቀመሩን በሌላ መልክ ጻፍኩት። ኮምፒውተሩ የሚጠብበትን ጥግ አሰፋሁለት። ምሳ ሰዓት ላይ አራቱም አንድ ሰፈር ገቡ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ "ኤቭሪቲንግ ሳዋ?" አለኝ፣ ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው፤ ሳዋ አልኩት።

ደስታዬ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልቆየም። መልሱን አየሁት፤ ከመስመሩ በታች ነው።

ማመን ስላቃተኝ በሌላ መንገድ ሞከርኩት። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍዬ፣ ቁራጩን አንድ በአንድ አስልቼ ደመርኩ። ያረጀ፣ ዘገምተኛ፣ ግን የማይዋሽ መንገድ ነው። ያው መልስ። እንግዲህ ስሌቱ ልክ ነው፤ ሰበብ የለኝም።

ከዚያ ማድረግ የሌለብኝን አደረግኩ። የአምስቱን ሰዎች ግምት አውጥቼ መረጃውን ብቻውን አስኬድኩት። መልሱ ወደ ላይ ዘለለ። በጣም ሰፊ ነው፣ ከመስመሩ በላይም በታችም ይረግጣል፤ ግን ወደ ላይ ነው። እንግዲህ መረጃው ወደ ላይ ይጎትታል፣ አምስቱ ደግሞ ወደ ታች ይጎትቱታል። አምስቱም ያሉት ዜሮ ወይም ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነገር ነበር። ሲስተር ዘነበች ሳይቀሩ! ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያዩትን እያዩ?

ግምቱን ትንሽ ላላ ባደርገው፣ ትንሽ ብቻ፣ መስመሩን ያልፋል። ስንት እንደሚበቃ አስልቼዋለሁ። ይህን መጻፌም ያሳፍረኛል፤ ግን አስልቼዋለሁ።

ረቡዕ

ለዶክተር ንጄሪ ነገርኳት። የክፍላችን ኃላፊ ናት፤ ስትናደድ ድምፅዋ የሚቀንስ ሴት። የሻይ ሰዓት ነበር፣ ከፊቷ ማንዳዚ የሚሉት የተጠበሰ ዳቦ ነበረ፣ አልነካችውም።

"መልሱን ካየሽ በኋላ ነው ግምቱን የጠላሽው?" አለችኝ።

አዎ አልኳት።

"እንግዲያው አይነካም።"

ልክ ናት፤ ልክ መሆኗ ነው የሚያናድደው። መልሱን እያየ ግምቱን የሚያስተካክል ሰው ሒሳቡን ለምን ይደክምበታል፣ የሚፈልገውን ቁጥር ይጻፍና ይረፍ። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነኝ።

ልወጣ ስል ግን ጠራችኝ። "እነዚህ ሰዎች እንዴት ነበር የተጠየቁት?"

በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ፣ አልኳት።

"አብረው? ጮክ ብለው?"

አብረው። ሁሉም የሚገኙት ያኔ ስለሆነ። ማንዳዚውን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ "ሂጂና እንዴት እንደገመቱ ጠይቂያቸው። ውጤቱን ግን ለማንም እንዳትነግሪ። ካወቁ በኋላ የሚሉት ነገር አይጠቅመንም" አለችኝ።

ማታ ለዳዊት ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ ያደገው ኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ የእኛን ጉባኤ እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው የሚያውቀው። "ጴንጤ ሰብስበሽ፣ ያውም አዳራሽ ውስጥ፣ ስንታችሁ ትታመማላችሁ ብለሽ ጠየቅሽ? የእናቴን ዕድርተኞች ብትጠይቂ ኖሮ ግማሹን ሕዝብ በአንድ ከሰዓት ይቀብሩልሽ ነበር።" ሳህን እያጠብኩ ስለነበር ውሃ ረጨሁበት። ቆይቼ ግን ያለውን ደጋግሜ ማሰብ ጀመርኩ።

ሐሙስ

አበላሸሁት።

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ወደ ሲስተር ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመው መጋረጃውን እየሰቀሉ ነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ሰማያዊ ነው፣ ዳር ዳሩ በእጅ የተሰፋ። "ለሚመጣው ዓመት ይቺን አግዳሚ ወንበር ወደ ውጭ አወጣታለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቃሉ" እያሉ ያስጎበኙኛል። እኔ ልጠይቅ የመጣሁት ጥያቄ ነበረኝ። በወረቀት ጽፌዋለሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሲስተር፣ ክፍሏ ልትዘጋ ትችላለች።"

ቀስ ብለው ከወንበሩ ወረዱ። ለምን አሉኝ። ከዚያ በኋላ መሸሸግ አልቻልኩም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መስመሩን፣ ውጤቱን፣ ወደ ታች የጎተተው የእነሱ ግምት መሆኑን።

እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

"እኔ ነኝ የዘጋኋት?" አሉኝ። "ታዲያ ምን እንድልሽ ነበር? ፓስተር ጸሎት ጨርሰው፣ የሰው ዕንባ ገና ሳይደርቅ፣ ሲስተር ከመቶ ስንቱ ይታመማል ስትዪኝ፣ በእግዚአብሔር ሕዝብ ላይ በሽታ ልጥራ? በኢየሱስ ስም አንድም አይታመም አልኩሽ። እሱ እኮ ጸሎት ነው ልጄ! አንቺም አሜን አልሽ!"

ብያለሁ። አሁን ትዝ አለኝ። ፓስተር "በስሙ ዜሮ ነው" ሲሉ አዳራሹ አሜን አለ፣ እኔም አሜን አልኩ፣ አሜን እያልኩም ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከፓስተር በላይ ሊሉ ነው እንዴ? የውጭ አገር ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ግር ብሎት እንደገና ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን የቤት ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እናቴ እንኳ ጉንፋን ይዟት "ድኛለሁ" ነበር የምትለው፣ እያስነጠሰች። ስለዚህ ምንም አልመሰለኝም። ትምህርት ቤት ስለ ግምት አሰባሰብ ስንት ነገር ተምሬ፣ የራሴን ሰዎች እንዴት እንደሚጠየቁ ረሳሁ።

ከዚያ ሲስተር የልባቸውን ቁጥር ነገሩኝ። ባይነግሩኝ ይሻል ነበር። ከመስመሩ በጣም በላይ ነው።

ግን አሁን የቱን መልስ ብንሰጥ ክፍሏ እንደምትተርፍ ያውቃሉ። ያሳወቅኳቸው እኔ ነኝ። ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ልጠቀምበት አልችልም። ዶክተር ንጄሪ አንድ ነገር ብቻ ነበር የከለከለችኝ።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። በእግሬ ተመለስኩ፣ ዝናብ መታኝ፣ ይገባኛል።

ዓርብ

ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነገርኳት። ሁሉንም። አሜኑን ጭምር። አሜንን ማስረዳት ያስቸግራል ብዬ ነበር። አላስቸገረም፤ "እኔም እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግኩት" አለች። ሲስተርን ስለማሳወቄ ስነግራት ግን ድምፅዋ ጠፋ። ከሥራ የምባረር መሰለኝ። አሁንም አላወቅኩም።

"የሆነውን ሁሉ እንጽፋለን" አለች በመጨረሻ።

እንዲህ አድርገን ጻፍነው። መጀመሪያ፣ በአምስቱ ሰዎች ግምት የወጣው መልስ፣ ከመስመሩ በታች፣ ሳይነካ። ቀጥሎ፣ ምንም ቀዳሚ ግምት ሳንይዝ፣ አናውቅም ብለን ብንጀምር የሚወጣው መልስ፣ መስመሩን ወዲህና ወዲያ የሚረግጠው። ከዚያ አንድ ገጽ ስለ አጠያየቃችን። እዚያ ላይ "ጠያቂዋ የጉባኤው አባል ስለሆነች የጸሎትን ቃል እንደ ግምት መዝግባለች" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እኔው ነኝ የጻፍኩት። ሦስቴ አጠፋሁት፣ ሦስቴ መለስኩት። የሲስተርን አዲስ ቁጥር አላስገባንም፤ ከውጤቱ በኋላ የተሰጠ ስለሆነ አልተጠቀምንበትም ብለን ብቻ አለፍነው።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁለታችንም ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። ዶክተር ንጄሪ ማንዳዚዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። ይቅርታ ይሁን ረሃብ አልገባኝም።

ላክነው። እፎይ አላልኩም። እውነቱን ለመናገር እኔ በለጋሾቹ ቦታ ብሆን፣ እንዲህ የተሠራ ሥራ አይቼ ክፍሏን እዘጋታለሁ።

ቅዳሜ

ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ሁልጊዜ ቅዳሜ የማግዘው ተራ በማስያዝ ነው። የመጣው ሰው ትንሽ ነበር። ሲስተር ሰላም አሉኝ፣ ጓንት አቀበልኳቸው፣ ጥጥ አቀበልኳቸው። ከዚያ ውጭ ቃል አልወጣቸውም። መጋረጃው ግን ተሰቅሏል።

ስወጣ "ነገ እዚሁ ቆዪ፣ ከጉባኤ በኋላ" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

እሑድ

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፈው።

ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት ሲስተር ዘነበች ተነስተው ማይክ ጠየቁ። ስለ ቅዳሜው ክፍል ሊያሳስቡ ነው ብዬ ነበር። "ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ስኳር አለብን" አሉ። በቃ እንዲህ። ያለ በስሙ፣ ያለ ምንም። "እኔ ጣታችሁን ስለምወጋ አውቃለሁ። ስም አልጠራም። ስንት ነን ተብዬ ስጠየቅ ማንም የለም አልኩ፤ ክፉ ላለመናገር ብዬ ነው። ዝም ያልኩት ግን አንድም ሰው አላዳነም። ዛሬ ክፍሏን እከፍታለሁ። ያልተለካ ይምጣ።"

አሜን የሚል ጠፋ። ፓስተር ተነሱ። ሊገሥጿቸው ነው ብዬ ፈራሁ። ማይኩን ተቀበሉ፣ "ሲስተር፣ ከእኔ ጀምሩ" አሉና እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ለጣት እጅጌ መጠቅለል እንደማያስፈልግ የነገራቸው የለም። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው በሩን የከፈተው።

ሰልፉ ከክፍሏ በር እስከ ግቢው በር ደረሰ። ተራ አስያዝኩ። በመጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ የሙያዬ ነገር መጣብኝ። እነዚህ ሰዎች በዕጣ አልወጡም። ሲስተርን ሰምተው የመጡ፣ ውስጣቸው የጠረጠረ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውንም ስሌቱ ውስጥ ማስገባት አልችልም። ይህን ሁሉ ሕዝብ ተራ እያስያዝኩ፣ ለሪፖርቱ አንድም ሰው እንዳልመጣ እያወቅኩ ቆምኩ። አስቆኝም አስለቅሶኝም ነበር።

ሰልፉ ውስጥ አንዲት ቡኒ ሹራብ የለበሰች ሴት ነበረች፣ የእኔ እኩያ። ስሟን አልጠየቅኩም። የያዘችውን ውሃ ጨረሰች፣ ከኋላዋ ያለችውን ለምና ጠጣች፣ ቀጥሎ የእኔን ጠየቀችኝ። "ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሰሞኑን አልረካም" አለችኝ ፈገግ ብላ። ፊቷ ከስቷል። ተራዋን ቀድማ እንድትገባ አደረግኩ፤ ማንም አላጉረመረመም።

ማሽኑ ቁጥር አልሰጠም። "ሃይ" የሚል ብቻ ጻፈ። ሲስተር በሌላ ጣቷ ደገሙት፣ ያው። ከዚህ በላይ መለካት አልችልም ማለቱ ነው። የሲስተር ፊት ተለወጠ፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም። "ሊዲያ፣ መኪና" አሉኝ።

ዳዊት ሊወስደኝ መጥቶ ግቢው በር ላይ እንደ ሁልጊዜው መኪናው ውስጥ ስልኩን ይነካካል። ሮጥኩ። ምንም ሳይጠይቅ ተነስቶ፣ ገብቶ፣ ሴትዮዋን ደግፎ አወጣት። ሲስተር አብረው ገቡ። እኔ ከሰልፉ ጋር ቀረሁ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል፣ እንደ ነርስ። እኔ የሰው ጣት ወግቼ አላውቅም። ከአምስቱ ገማቾች አንዷ የሆነችው የጤና ባለሙያ መጥታ ሲስተርን ተካቻቸው፤ እኔ ጥጥ አቀበልኩ።

ዳዊት ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። "መንገድ ላይ መልስ መስጠት አቆመች" አለኝ። አላሾፈም። ሲስተር እዚያው ቀሩ። ስልካቸው አይነሳም።

ሰኞ

ጠዋት ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ከፊቴ አስቀምጬ ሳየው ዋልኩ።

ከለጋሾቹ አጭር መልስ መጣ። ሪፖርቱ ደርሶናል፣ ስለ አጠያየቁ የተጻፈውን ገጽ በስብሰባ እንነጋገርበታለን፣ ከዚያ በኋላ እናሳውቃለን። አዎም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ዶክተር ንጄሪ ደጋግማ አነበበችው። "ደብዳቤውን ትንተና አትሥሪበት፣ ጠብቂ" አለችኝ። ስለ ትናንቱ ሰልፍ ነገርኳት።

"ስሌቱ ውስጥ አይገቡም" አለች።

አውቃለሁ አልኳት።

"እንደምታውቂ አውቃለሁ" አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳምንቱ ድምፅዋ ልክ ሆኖ። "ስለ ሥራሽ ደግሞ እንዲህ አትገርጪ። ቀጣዩን የምትጠይቂው አንቺ ነሽ፤ ለየብቻ፣ ከአዳራሽ ውጭ።" ቀጣይ ካለ ማለቷ ነው። እንደዚያ ብላ አልጨመረችም።

ምሳ ሰዓት ላይ ሲስተር ደወሉ። ድምፃቸው ስለደከመ መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልሰማኋቸውም። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ነበሩ። ሐኪሙ፣ አንድ ቀን ብትቆይ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብሏቸዋል። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ቤት ውስጥ ብትወድቅ የሚያገኛት አልነበረም።

"ነቃች ሊዲያዬ" አሉኝ። "ሻይ አምጡልኝ አለች። ስኳር ይብዛበት ብላ።"

ሳቄ መጣ፣ እሳቸውም ሳቁ። ክፍሏን አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። ስሟን ጠየቅኳቸው። ሐረግ ትባላለች። ከዘጋሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።